እናቲቱንስ ማን ይጠይቃታል?

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ከዚያም ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

የዛሬው ሳምንታዊ ዝግጅት በእርግዝና ወቅትና ከወሊድ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ በእናቶች ላይ ስለሚደርሱ የአእምሮ ጤና ችግሮች፣ እንዲሁም ሐኪምም ገንዘብም በማይበዛባቸው አገሮች እንክብካቤውን እናቲቱ ካለችበት ድረስ ማድረስ ስለሚቻልበት መንገድ የሚያስረዳ ነው። በቤታችሁ ነፍሰ ጡር ወይም አራስ ካለች፣ እርሷም ባለቤቷም፣ እናቷም አማቷም አጠገባችሁ ተቀምጠው ቢያዳምጡ መልካም ነው።

በአንድ ጥያቄ እንጀምር። አንዲት እናት ከመጀመሪያው የእርግዝና ምርመራ አንስቶ ሕፃኑ በ9 ወሩ የኩፍኝ ክትባት እስኪወስድ ድረስ ከጤና ባለሙያ ጋር ደጋግማ ትገናኛለች፤ የደም ግፊቷ ይለካል፣ ሆዷ ይዳሰሳል፣ ደሟና ሽንቷ ይመረመራል፣ ሕፃኑም ይመዘናል። ታዲያ ከእነዚህ ሁሉ ቀናት በየትኛው ቀን ነው «አንቺስ እንዴት ነሽ? እንቅልፍ ይወስድሻል? ልብሽ ደኅና ነው?» የሚላት ሰው የምታገኘው?

በብዙ ድሃ አገሮች መልሱ «በአንዱም ቀን» የሚል ነው፤ አሳዛኙም ነገር እናቲቱ ወደ ጤና ተቋም አለመምጣቷ ሳይሆን፣ መጥታ፣ ተራ ጠብቃ፣ ከባለሙያ ፊት ተቀምጣ ሳለ ሳትጠየቅ ወደ ቤቷ መመለሷ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ከወሊድ ጋር የተያያዘ የአእምሮ ጤና ችግር ሲባል አንድ ሕመም ብቻ አይደለም። ቢያንስ ሦስት ሁኔታዎችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አንደኛው በራሱ ጊዜ የሚያልፍ፣ ሁለተኛው እንክብካቤ የሚሻ፣ ሦስተኛው ግን ለነገ የማይባል ነው።

የመጀመሪያው፣ ብዙ እናቶች በወለዱ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ገደማ የሚሰማቸው ሆደ ባሻነት ነው። እናቲቱ ያለ በቂ ምክንያት እንባ ይቀድማታል፣ ቶሎ ትከፋለች፣ ቶሎም ትስቃለች፤ ይህ ስሜት ከወሊድ በኋላ በሰውነት ውስጥ ከሚከሰተው የሆርሞን ለውጥና ከድካም ጋር የሚያያዝ ሲሆን፣ ዕረፍትና አይዞሽ ባይ ካገኘች ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ይጠፋል።

ሁለተኛው ድባቴ ነው። ድባቴ ማለት የአንድ ቀን ኀዘን ወይም መከፋት ሳይሆን፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ አብዛኛውን ቀን የሚዘልቅ፣ የሚወዱትን ነገር የሚያስጠላ፣ እንቅልፍንና የምግብ ፍላጎትን የሚያዛባ፣ ጉልበት የሚነሳና «እኔ ለዚህ ልጅ አልበጅም» የሚያሰኝ ሕመም ነው። ከወሊድ በኋላ ብቻ የሚመጣ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን በእርግዝና ወቅትም ይጀምራል፣ ብዙ ጊዜም አብሮት ጭንቀት ይኖራል። በገጠሩ ኅብረተሰብ ዘንድ ደግሞ ታማሚዋ ኀዘኗን ከመናገር ይልቅ ራሴን ይፈልጠኛል፣ ሰውነቴን ያቃጥለኛል፣ ልቤን ያዝ ያደርገኛል እያለች ስለምትመጣ፣ የሕመም ማስታገሻ ተሰጥቷት የምትሸኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ሦስተኛው ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ሳይኮሲስ ሲሆን፣ ይህም እናቲቱ ከእውነታው ጋር ያላት ግንኙነት የሚቋረጥበት ከባድ ሕመም ነው። ከ1,000 ወላዶች 1 ወይም 2 ያህሉን የሚይዝ ሲሆን፣ በአብዛኛው ከወሊድ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ በድንገት ይጀምራል፤ እናቲቱ ሌሊቱን ሙሉ አትተኛም፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ትሰማለች፣ ሊገድሉኝ ነው ወይም ልጄን ለውጠውብኛል ትላለች፣ ንግግሯም ይዘባረቃል።

አድማጮች፣ ይህ ደግመው ሊሰሙት የሚገባ ነጥብ ነው። ሆደ ባሻነቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልፋል። ሁለት ሳምንት አልፎም ካልለቀቀ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል ወደ ጤና ባለሙያ መሄድ ያስፈልጋል። እንቅልፍ ጨርሶ የራቃት፣ የሌለ ነገር የምታይና የምትሰማ እናት ግን በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለባት።

(አጭር ዝምታ)

ችግሩ ምን ያህል የተስፋፋ ነው? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፣ በዓለም ዙሪያ ከነፍሰ ጡሮች 10 በመቶ ያህሉ፣ ከወላዶች ደግሞ 13 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ጤና መታወክ ይደርስባቸዋል፤ በዋነኛነትም ድባቴ ነው። በታዳጊ አገሮች መጠኑ ከፍ ይልና ከወለዱ እናቶች ከአምስቱ አንዷን ይነካል ማለት ይቻላል፤ ይህም ማለት በአንድ የክትባት ቀን በጤና ኬላው ደጃፍ አግዳሚ ላይ ሕፃን ታቅፈው ከተቀመጡ አምስት እናቶች አንዷ በዝምታ ታምማ ሊሆን ይችላል።

ለምን በድህነት ውስጥ ይበረታል? በቂ ምግብ ማጣት፣ ዕዳ፣ ያልታሰበ እርግዝና፣ ቀደም ሲል ልጅ መቅበር፣ አስቸጋሪ ምጥ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የባል ዱላና ስድብ፣ እያንዳንዳቸው የመታመም ዕድሏን ይጨምራሉ፤ በድሃ ቤት ውስጥ ደግሞ እነዚህ ነገሮች ተነጣጥለው አይመጡም።

(ሙዚቃ ዝቅ ብሎ ይሰማል፤ ያቆማል)

በኢትዮጵያ ወላድ ብቻዋን አትተውም የሚል አድማጭ ይኖራል፤ እውነትም ነው። ገንፎው ይገነፋል፣ አጥሚቱ ይሠራል፣ ጎረቤቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል፤ በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ወንድ ከሆነ በ40 ቀኑ፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀኗ ክርስትና እስክትነሳ ድረስ አራሷ ከከባድ ሥራ እንድታርፍ ይጠበቃል። ይህ ልማድ ማረፊያና አጋዥ የሚሰጥ በመሆኑ ለአእምሮ ጤና ትልቅ ጋሻ ነው፤ ሊጠበቅም ይገባዋል።

ይሁን እንጂ ጋሻው ሁሉንም አይሸፍንም። በቤት ሠራተኝነት ተቀጥራ ሳለች ያረገዘችውን፣ የልጇ አባት የካዳትን፣ ከቀዬዋ የተፈናቀለችውን፣ ዘመድ በሌለበት ከተማ በኪራይ ክፍል የወለደችውን፣ ወይም በሰው አገር አራስ ሆና ገንፎውን ራሷ የምታገነፋውን እናት ማን ይጠይቃታል? ዘመድ የሞላላትም ብትሆን፣ እልል በተባለበት ቤት ውስጥ ማልቀስ ምስጋና ቢስነት ስለሚመስላት፣ እንባዋን ጠያቂ ሲገባ ጠርጋ ሲወጣ ትቀጥላለች።

ሕመሙ ጎልቶ ሲወጣም ብዙ ጊዜ ምች መታት፣ ዛር ያዛት ወይም ዓይነ ጥላ ነው ይባላል፤ ቤተሰብም ወደ ጠበል ወይም ወደ ባህል አዋቂ ይወስዳታል። ጠበሉንና ሕክምናውን ማጋጨት እናቲቱን ከሁለቱም ያርቃታል እንጂ አይጠቅማትም፤ ጸሎቷም ጠበሏም ሳይቋረጥ ሕክምናውን መጀመር ትችላለች፤ የሃይማኖት አባቶችም ይህን ቢናገሩላት ቃላቸው ከማንኛውም ፖስተር ይበልጥ ይሰማል።

(አጭር ሙዚቃ)

የእናቲቱ ሕመም ለሕፃኑስ ምን ያመጣል? በዚህ ላይ ከኢትዮጵያ የተገኘ ጠቃሚ ዕውቀት አለ። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ በምትገኘው ቡታጅራና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 አንስቶ ተመራማሪዎች ከ1,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችን መዝግበው፣ ከእርግዝናቸው የመጨረሻ ወራት ጀምሮ እነርሱንም ሕፃናቶቻቸውንም ተከታትለዋል።

በዚያ ጥናት፣ በእርግዝና ወቅት ከፍተኛ የአእምሮ ጭንቀት የነበረባቸው እናቶች ምጣቸው የመርዘም፣ ከወለዱም በኋላ ጡት ማጥባት የመዘግየት ዕድሉ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል፤ በእርግዝናም ከወሊድ በኋላም የተጨነቁት እናቶች ሕፃናት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በተቅማጥ የመያዝ ዕድላቸው የበለጠ ነበር። በአንጻሩ ከሕፃኑ የልደት ክብደት ጋር ግንኙነት አልታየም። ይህ የሚያሳየው ከሌላ አገር የተገኘ ውጤት ሁሉ እንዳለ ተገልብጦ ለኢትዮጵያ እንደማይሠራ፣ በቦታው መመርመርም ዋጋ እንዳለው ነው።

(አጭር ዝምታ)

እንግዲህ ችግሩ ይህን ያህል ከሆነ፣ ለእያንዳንዷ እናት የአእምሮ ሐኪም ማቅረብ ይቻላልን? አይቻልም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የዘርፉ ሐኪሞች የሚሠለጥኑት ወደ ውጭ አገር እየተላኩ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥራቸው ቢጨምርም ለአገሪቱ ሕዝብ እጅግ ጥቂት ናቸው፤ አብዛኛዎቹም በዋና ከተማዋና በትልልቅ ከተሞች የሚሠሩ ናቸው።

ስለዚህ ብዙ አገሮች የተያያዙት መንገድ ሥራን ማጋራት የሚባለው ነው። ሥራን ማጋራት ማለት፣ ቀድሞ ለስፔሻሊስት ብቻ የተተወውን የእንክብካቤ ክፍል፣ በአጭር ሥልጠናና በማያቋርጥ ድጋፍ፣ ለነርሶች፣ ለአዋላጆችና ለማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ማካፈል፣ ስፔሻሊስቱ ደግሞ ከባድ ሕሙማንን እያከመ ሌሎቹን እንዲያማክር ማድረግ ነው።

ይህ ይሠራልን? ከፓኪስታን ገጠር የተገኘውን ተሞክሮ በዝርዝር ማየት ተገቢ ነው። በራዋልፒንዲ አካባቢ፣ ፕሮፌሰር አቲፍ ራህማን የመሩት የጥናት ቡድን «ጤናማ አስተሳሰብ» የተባለ የምክር ዘዴ አዘጋጅቶ፣ ከኢትዮጵያ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር የሚመሳሰሉ የመንደር ሴት ጤና ሠራተኞችን አሠለጠነ። ሴቶቹ በአብዛኛው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያጠናቀቁ ነበሩ፤ ስለ አእምሮ ሕክምናም ቀደም ሲል የተማሩት ነገር አልነበረም።

ዘዴው ምን ይመስላል? ጤና ሠራተኛዋ በእርግዝናዋ የመጨረሻ ወር ላይ ወዳለችው እናት ቤት በየሳምንቱ ትሄዳለች፣ ከወሊድ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር ሦስት ጊዜ ትመለሳለች፣ ከዚያም በየወሩ እየሄደች ጉብኝቱ በድምሩ 16 ይሆናል። ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ትገልጥና፣ ለምሳሌ «ልጄ የሚያለቅሰው እኔ መጥፎ እናት ስለሆንሁ ነው» የሚለውን ሐሳብ ከእናቲቱ ጋር ታየዋለች፤ ሐሳቡ ከየት እንደመጣ፣ እውነት መሆን አለመሆኑን፣ በምትኩስ ምን ማሰብና ምን ማድረግ እንደሚቻል ይነጋገራሉ፤ እስከሚቀጥለው ጉብኝት የምትሞክረውን አንድ ቀላል ነገርም ይስማማሉ። ንግግሩ የሚያተኩረው በእናቲቱ በራሷ ጤና፣ ከሕፃኑ ጋር ባላት ቅርርብና በዙሪያዋ ካሉ ሰዎች ጋር ባላት ግንኙነት ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብልሃት አለ። ጤና ሠራተኛዋ በር ስታንኳኳ «የአእምሮ ሕመምተኛ ለማከም መጣሁ» አትልም፤ የመጣችው ለሕፃኑ ደኅንነት መሆኑን ትናገራለች፤ እውነቷንም ነው። በዚህም የተነሳ አማትየውም ባልየውም በራቸውን ይከፍታሉ፣ ለልጁ ሲሉ እናቲቱን እንዲያግዙም ይጠየቃሉ፤ ታማሚዋም «አብዳለች» ከሚለው ወሬ ትድናለች።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ታተመ። በጥናቱ ከ900 በላይ ድባቴ የያዛቸው ነፍሰ ጡሮች የተካተቱ ሲሆን፣ ሕፃናቱ 6 ወር ሲሆናቸው በዘዴው ካልሠለጠነ ጤና ሠራተኛ ጉብኝት ብቻ ከደረሳቸው እናቶች 53 በመቶ ያህሉ አሁንም በድባቴ ውስጥ ሲሆኑ፣ የምክር ዘዴውን ካገኙት ግን 23 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ሕፃናታቸውም በተቅማጥ የሚያዙት ያነሰ ሆነ፣ ክትባታቸውንም ይበልጥ አጠናቀቁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ይህንኑ ዘዴ በመመሪያ መልክ አሳትሞ ለሌሎች አገሮች አቅርቧል።

አድማጮች፣ ፍሬ ነገሩን እንድገመው። የተቀጠረ አዲስ ሐኪም አልነበረም፤ የተሠራ አዲስ ሕንፃም አልነበረም። እናቲቱ የምታውቃት ሴት፣ እናቲቱ ባለችበት ቤት፣ ቀድሞም ትሄድበት በነበረው መንገድ ሄደች፤ የተለወጠው የምትጠይቀውና የምትሰማበት መንገድ ነው።

(ሙዚቃ)

ነገር ግን መንገዱ ሁሌም የቀና አይደለም። በደቡብ አፍሪካ፣ ከኬፕ ታውን ወጣ ብላ በምትገኘው ካዬሊቻ፣ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ድባቴ ላለባቸው ነፍሰ ጡሮች ስድስት ጊዜ ምክር የሰጡበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2020 ሲታተም፣ ምክሩን ባገኙትና ባላገኙት መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም። ይህ ውጤት ሊደበቅ አይገባውም። ስድስት ጊዜ መነጋገር ብቻውን ረሃብን አያስታግስም፣ የሚደበድብ እጅንም አይዝም፤ አማካሪዋም በቅርብ የሚያርማትና የሚያበረታታት ባለሙያ ካላገኘች፣ የተማረችው ወራት ሳይቆይ ይሳሳል። ስለዚህ ምክሩ ከምግብ ድጋፍ፣ ከጥቃት መከላከልና ከሕግ ከለላ ጋር መያያዝ አለበት።

ከዚያችው ከኬፕ ታውን የሚገኘው ሌላ ተሞክሮ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረ ሆኖ፣ በማዋለጃ ተቋም ውስጥ ነፍሰ ጡሯ ለመጀመሪያ ምርመራ በመጣችበት ጊዜ ስለ ስሜቷም እንድትጠየቅ፣ የሚያስፈልጋት ከሆነም በዚያው ግቢ ካለች አማካሪ ጋር እንድትገናኝ የሚያደርግ ነው። ለሌላ ቀን፣ ለሌላ ቦታ ከተቀጠረች የትራንስፖርት ገንዘቡም የሥራ ፈቃዱም ሊያስቀራት ይችላል።

(አጭር ዝምታ)

ወደ ኢትዮጵያ እንመለስ። የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን፣ ከ30,000 የሚበልጡ፣ በብዛት ሴቶች የሆኑ ሠራተኞችን እስከ ቀበሌ አውርዷል። በዚያን ጊዜ በጉራጌ ዞን ሥር በነበረው ሶዶ ወረዳም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በተካሄደ ፕሮጀክት፣ የአእምሮ ጤና እንክብካቤን በጤና ጣቢያ ደረጃ ከሌላው ሕክምና ጋር አዋህዶ መስጠት ተሞክሯል። መሠረቱ አለ ማለት ነው። የጎደለው፣ የእናቶች ክትትል ካርድና የአእምሮ ጤና በአንድ ጠረጴዛ ላይ መገናኘታቸው ነው።

የ45 ቀን ክትባትን ለምሳሌ እንውሰድ። እናቲቱ ሕፃኑን በነጠላ ሸፍና ትመጣለች፣ ካርዱ ይወጣል፣ ጭኑ ይወጋል፣ ያለቅሳል፣ ጡት ይሰጠዋል። በዚያች ጡት በምታጠባበት ጊዜ ባለሙያዋ ሁለት ነገር ብትጠይቃት ይበቃል፤ «እህቴ፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ሆድሽ እየባሰ፣ ተስፋ እየቆረጥሽ የዋልሽበት ቀን ይበዛል? ቀድሞ ደስ ይልሽ የነበረው ነገር አሁን አላስደስት ብሎሻል?» ከሁለቱ ለአንዱ «አዎ» ካለች፣ ሰፋ ያለ መጠይቅ ይቀጥላል፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1987 በኤደንብራ ተዘጋጅቶ በብዙ ቋንቋዎች የተተረጎመው ባለ 10 ጥያቄ መመዘኛ አንዱ ነው።

አጠያየቁ ራሱ ወግ አለው። ባል ወይም አማት ባሉበት አይጠየቅም፤ «እማማ፣ እርስዎ እስኪ ሕፃኑን ያቅፉልን» ብሎ በአክብሮት ገለል ማድረግ ይቻላል፤ በተለይ ስለ ዱላ የሚጠየቀው ለብቻዋ ብቻ ነው። እናቲቱ ማልቀስ ስትጀምር «አይዞሽ፣ ፈጣሪ ልጅ ሰጥቶሽ ምን ጎደለሽ?» ማለት ከደግ ልብ ቢመጣም ንግግሩን ይዘጋባታል። ዝም ብሎ መስማት፣ «መቼ ጀመረሽ? ማን ያውቃል?» ማለት ይበልጣል።

ስለ ሞት መጠየቅስ? ብዙ ባለሙያዎች «ያላሰበችውን አሳስባት ይሆን?» ብለው ይፈራሉ። መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም፤ ሐሳቡ ቀድሞ ካለባት ግን የምትናገርበትን በር ይከፍትላታል። «ብሞት ይሻለኛል ብለሽ ታስቢያለሽ?» ተብላ «አዎ» ያለች እናት ብቻዋን አትተውም፤ በቤት ያለ የተባይ መድኃኒትና ገመድ ይወገድላታል፣ በዚያው ቀንም ሪፈር ተጽፎላት ከሚሸኛት ሰው ጋር ትሄዳለች።

ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ልትዘነጋ አይገባም። ክትባቱ፣ የቤተሰብ ዕቅዱ፣ የወባ መከላከሉ፣ የመጸዳጃ ቤት ዘመቻው፣ መዝገቡና ሪፖርቱ በእርሷ ትከሻ ላይ ነው፤ በዚህ ላይ ሌላ ሥራ ጨምሮ ጊዜ፣ ሥልጠናና በየወሩ የሚያነጋግራት ተቆጣጣሪ አለመስጠት፣ ሥራውን በወረቀት ላይ ብቻ ማስቀረት ነው።

(ሙዚቃ ዝቅ ብሎ)

በመጨረሻ፣ እናቶች ደጋግመው የሚጠይቁት ነገር አለ፤ «መድኃኒት ብጀምር ጡት ማጥባት ላቆም ነውን?» የሚል ነው። ቀላል ድባቴ ብዙ ጊዜ በምክርና በቤተሰብ እገዛ ይሻላል። መድኃኒት ካስፈለገ ደግሞ ጡት እያጠቡ ሊወሰዱ የሚችሉ የድባቴ መድኃኒቶች ስላሉ፣ እናቲቱ እያጠባች መሆኗን ለሐኪሙ መናገር አለባት። አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ግን ለነፍሰ ጡር ወይም ለምታጠባ እናት የማይስማሙ በመሆናቸው፣ ለጎረቤት የታዘዘውን ተውሶ መውሰድ አደገኛ ነው። ቀደም ሲል መድኃኒት ስትወስድ የነበረች ሴት ስታረግዝም በራሷ ፈቃድ በአንድ ጊዜ ብታቋርጠው ሕመሙ ሊመለስ ስለሚችል፣ ከማቋረጧ በፊት፣ ቢቻል ከማርገዟም በፊት፣ ሐኪሟን ታማክር።

(የመለያ ሙዚቃ ከፍ ይላል፤ ዝግጅቱ ያበቃል)